የሴት አገጭ ለምን ይሸፈናል?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ እንኳን በጋዜጣ ሊጻፍ ቀርቶ እናትና ልጅ በማጀት ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነጋገሩበት ነው። ይኸውም በሴቶች ፊት ላይ፥ በተለይም በላይኛው ከንፈርና በአገጭ፥ ሳይፈለግ ስለሚበቅለው ጠጕርና ስለ አወጋገዱ ነው። ገና አርእስቱን ሲያይ «ይህች ልጅ ሌላ የምትጽፈው አጣች እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። እኔም ወደ ገላፊ ባልሄድ ኖሮ ይህን ጉዳይ ለአደባባይ ባላበቃሁት ነበር።

ገላፊ በአፋር ክልል፥ አገራችን ከጅቡቲ ጋር በምትዋሰንበት ጫፍ ላይ ያለች የኬላ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው የሚመጡት ከባድ መኪናዎች በዚች በር ገብተው በሰመራ፥ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ መሀል አገር ይዘልቃሉ። ሾፌሩ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ድረስ ከመኪናው ጥላ ሥር ይጋደማል፤ ረዳቱ ሻይ ፍለጋ ይዞራል፤ ፍየሎችም ያችኑ ጥላ ከሰው ጋራ ይሻማሉ። ሙቀቱ ሰውን ልብሱን አስጥሎ ነፋስ የሚያስለምን ነው።

እንግዲህ በዚያ ሙቀት ውስጥ አንዲት ሴት ከጧት እስከ ማታ አፏንና አገጯን በነጠላ ሸፍና ስትሠራ አየሁ። ባረፍሁበት ቤት ሻይና ቁርስ የምታቀርበው እርሷ ነበረች፤ የወሎ ሰው ናት፤ ዕድሜዋም ከሠላሳ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ አቧራውን ለመከላከል፥ ቀጥሎም ለሃይማኖት ሥርዓት መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከምድጃው ፊት ሆና ላቧ በግንባሯ ሲንቆረቆር እንኳ፥ ማንም በአጠገቧ ሳይኖር፥ ያችን ነጠላ ዝቅ አታደርጋትም።

በሁለተኛው ቀን ጧት ሻይ ይዛልኝ ስትገባ በመስኮቱ ደፍ ላይ መስተዋቴንና ወረንጦዬን አየች። ብርጭቆውን አስቀምጣ በመውጣት ፈንታ ቆመች።

«እኅቴ፥ ይህ ወረንጦ ለእሾህ ነው?» አለችኝ።

«ለእሾህም ይሆናል እትዬ፤ እኔ ግን የያዝሁት ለአገጬ ነው» አልኋት።

በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ነጠላዋን አወረደች። አገጯ በምላጭ ተቧጥጧል፤ አንዳንዱ ቁስል ሽሯል፥ አንዳንዱ ገና ነው። በየመካከሉ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ከሥሩም ጠንካራው ጠጕር ብቅ ብቅ ብሏል። «ይህን ካንቺ በቀር በቀን ብርሃን ያየ ሰው የለም፤ ባሌም ቢሆን አላየውም» አለችኝ።

ታሪኳንም አጫወተችኝ። በልጅነቷ ጣቷን አመድ እያስነካች ትነቅለው ነበር። ካገባች በኋላ በየሦስት ቀኑ ባሏ ሳይነሣ፥ ገና ጎህ ሳይቀድ፥ በአንዲት ምላጭ ትላጨው ጀመር። አንዲት ጎረቤት ስለ ሌላ ሴት ስታወራ «ምላጭ ካነሡበት እንደ ወንድ ጢም ነው የሚሆነው» ስትል ሰማችና ደንግጣ ተወችው። ከዚያም ከአንድ አዟሪ የሠሪው ስም ያልተጻፈበት ቅባት ገዛች። ለአንድ ወር ያህል ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀላ፥ አቃጠላት፥ ቀድሞ ባልነበረበት ጉንጯ ላይም ጠጕር አበቀለባት።

እኔም ጥቂት አመነታሁና «እትዬ፥ የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «እሱን ደግሞ ማን ነገረሽ?» አለች።

ማንም አልነገረኝም። የወር አበባዋ በሦስትና በአራት ወር አንድ ጊዜ እንደሚመጣ፥ በትዳር ስምንት ዓመት ስትቆይ እንዳልወለደች፥ የባሏም ዘመዶች ሌላ እንዲያገባ መምከር እንደ ጀመሩ የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። ወባ ይዟት ሁለት ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳለች፤ ስለ ወር አበባዋም ሆነ ስለ አገጯ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ለምን ብላት «ነጠላሽን አውርጂ ብሎ ቢስቅብኝስ?» አለችኝ።

አፋሮች «ዳጉ» የሚባል የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት እንዳላቸው ብዙ አንባቢ ሰምቷል። ሁለት መንገደኞች በረሓ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ግጦሽ የት እንደ በቀለ፥ ማን እንደ ታመመ፥ የማን ግመል እንደ ጠፋ ይነጋገራሉ። የሰሙትን መደበቅና ማዛባት በዳጉ ሥርዓት ትልቅ ነውር ነው፤ ምክንያቱም በበረሓ ላይ የተደበቀ ወሬ ሰውን ከውሃ ጉድጓድ ሊያርቀው ይችላል። በዚያች በር የማይተላለፍ ወሬ የለም፤ የዚች ሴት ጭንቀት ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ነጠላ በታች ታፍኖ ቀረ። እኔ ለማለት የምፈልገውም ይኸው ነው፤ ሴቶቻችንን የሚጎዳቸው ጠጕሩ አይደለም፥ መደበቁ ነው እንጂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ግን የገጠርና የኬላ ሴት ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች እናድር ነበር። ሌሊት አንዳንዷ በብርድ ልብስ ተሸፍና፥ የስልኳን መብራት አብርታ፥ በትንሽ መስተዋት ከንፈሯን ስትነቅል ሌሎቻችን የተኛን እንመስል ነበር። ስለ ፖለቲካና ስለ ፍቅር እስኪነጋ የምንከራከር ሴቶች በዚህ ነገር ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። በመጨረሻው ዓመት ከመካከላችን አንዷ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የነገራትን ለሁላችንም ብትነግረን ነው ሁላችንም ወረንጦአችንን ከፍራሽ ሥር ያወጣነው። በገላፊ ያን ጥያቄ የጠየቅሁት ከእርሷ በተማርሁት ነው፤ ትምህርት ብቻውን ነጠላ አያስወርድም፤ አንዷ ስትናገር ግን የሌላይቱ ምላስ ይፈታል።

ለመሆኑ ጠጕሩ ከየት ይመጣል? የሴት ልጅ ፊት ፈጽሞ ጠጕር አልባ ሆኖ አልተፈጠረም። ሁላችንም በፊታችን ላይ ቀጭን፥ አጭርና ለዓይን የማይታይ ለስላሳ ጠጕር አለን። በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ አንድሮጅን የሚባሉ ሆርሞኖች ይገኛሉ፤ በወንድ ይበዛሉ፥ በሴት ያንሳሉ። በሴት ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት እንቁላል የሚያፈሩት አካሎችና ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ናቸው። ሆርሞኑ ሲበዛ፥ ወይም መጠኑ ሳይበዛ የጠጕሩ ሥር ለሆርሞኑ ከልክ በላይ ንቁ ሲሆን፥ ያ ለስላሳ ጠጕር እየጠነከረና እየጠቆረ ይሄዳል። በአንዳንድ ቤተ ሰብ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፥ በሽታም አይደለም። የወር አበባ በዕድሜ ምክንያት ከተቋረጠ በኋላም በአገጭ ላይ ጥቂት ጠንካራ ጠጕር መብቀሉ የተለመደ ነው፤ አያቶቻችን ይህን ያውቁታል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ጠጕሩ የሌላ ነገር መልእክተኛ ነው። ከመልእክቶቹም ዋነኛው ሐኪሞች ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚሉት የሆርሞን መዛባት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ መቶ ሴቶች እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው፤ ከእነዚህም መካከል እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም። ምልክቱ የወር አበባ መዘግየትና መቅረት፥ የፊት ጠጕር፥ የማይለቅ ብጉር፥ የክብደት መጨመር፥ ለመፀነስም መቸገር ነው። ውሎ አድሮም ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። የሚያስደስተው ነገር ግን ይህ ችግር ያለባት ሴት መካን ናት ማለት አለመሆኑ ነው፤ እንቁላሉ በየወሩ ስለማይወጣ ፅንሱ ይዘገያል እንጂ፥ በሐኪም ርዳታ ብዙዎች ይወልዳሉ። እንግዲህ የገላፊዋ እኅታችን ትዳር የሚፈርሰው በምን ምክንያት እንደሚሆን ልብ በሉ፤ በጠጕሩ አይደለም፥ በመካንነትም ላይሆን ይችላል፥ ሳይጠየቅና ሳይመለስ በቀረ በአንድ ጥያቄ ነው።

ከዚህም ሌላ፥ በጥቂት ሴቶች ላይ ጠጕሩ በድንገት መጥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚስፋፋ፥ ድምፅን የሚያጎረንን፥ የራስን ጠጕር እንደ ወንድ ከፊት የሚያሳሳ ከሆነ፥ ውስጣዊ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ወረንጦም ምላጭም አይሠሩም።

አሁን ወደ ወረንጦው እንመለስ። ወረንጦ በአገራችን የቆየ መሣሪያ ነው፤ የግራር እሾህ በበዛበት ቆላ የሚጓዝ ሰው ከአንገቱ አንጠልጥሎት ይሄድ ነበር። ሌላም ሥራ አለው። ኢትዮጵያ ትራኮማ ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ በሽታው ሲቆይ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለብስና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ ያሳውራል። በአማራ ክልል ገጠሮች አንዲት እናት ከደጃፏ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፥ ልጇ ወይም ጎረቤቷ የተቀለበሰውን ጠጕር በወረንጦ ስትነቅልላት ማየት የተለመደ ነው። የሚስቅ የለም፥ የሚያፍርም የለም፤ አላፊ አግዳሚው «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ከዓይን ቆብ እስከ አገጭ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ያው ጠጕር፥ ያው ወረንጦ፥ ያችው ሴት ሆና ሳለ፥ ከላይ ሲነቀል ሕክምና፥ ከታች ሲነቀል ነውር የሆነው በምን ሕግ ነው?

ሳይንሱም ራሱ የተጓዘው በዚሁ በዓይን መንገድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1875 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የዓይን ሐኪም የነበረው ቻርልስ ሚሼል ወደ ዓይን የተቀለበሰውን ጠጕር በቀጭን መርፌና በኤሌክትሪክ ኃይል ከሥሩ የማጥፋት ዘዴውን አሳወቀ። ያው ዘዴ በኋላ ወደ ሴቶች ከንፈርና አገጭ ወረደ፤ እስከ ዛሬም ኤሌክትሮሊሲስ ተብሎ ይሠራበታል። እያንዳንዱን የጠጕር ሥር በተናጠል የሚያቃጥል ስለሆነ ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

«ምላጭ ያበዛዋል» የሚለውን ወሬ በሚመለከት ደግሞ፥ ይህ እምነት የኛ ብቻ ሳይሆን የመላው ዓለም ነው፤ ስሕተትም ነው። በ1928 ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የአካል ሳይንስ ሊቅ የተላጨ ጢም መልሶ ሲያድግ ለክታ፥ ምላጭ የጠጕሩን ውፍረትም ሆነ የዕድገቱን ፍጥነት እንደማይለውጥ አሳይታለች። ጠጕር በተፈጥሮው ጫፉ የሾለ ነው፤ ሲላጭ ግን እንደ ታጨደ አገዳ ጫፉ ደልዳላ ስለሚሆን ሲዳሰስ ይከረክራል፥ የወፈረም ይመስላል። እንግዲህ አንዲት ሴት መላጨትን ብትመርጥ የምትፈራው ምክንያት የለም፤ ምላጩ የራሷ ብቻ ይሁን፥ አዲስና ስለታም ይሁን፥ ፊቷን በሞቀ ውሃና በሳሙና ታለስልሰው፥ ጠጕሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ትላጭ። ከሌላ ሰው ጋር በምላጭ መጋራት ግን በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን መጋራት ነው።

በወረንጦ፥ በክርና በሰም መንቀል ጠጕሩን ከሥሩ ስለሚያወጣው ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ጠጕራችን ተጠቅላይ ስለሆነ መልሶ ሲበቅል ወደ ቆዳ ውስጥ ይታጠፍና ብጉርና ጥቁር ምልክት ያስከትላል። በጥፍር እየቧጠጡ ማውጣት ደግሞ ምልክቱን ያብሰዋል። በየከተማው ያሉ የውበት ሳሎኖች ክሩን በጥርሳቸው ይዘው ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ፊት መሄዳቸውን ትተው ለእያንዳንዷ ደንበኛ አዲስ ክር ቢቆርጡ፥ ወረንጦአቸውንም በአልኮል ቢያጠቡ፥ ወጪው ጥቂት ጥቅሙ ብዙ ነው።

በጨረር ማስወገድ፥ ማለት ሌዘር፥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዓለም የተስፋፋ ሲሆን ዛሬ በአዲስ አበባም በአንዳንድ የግል ክሊኒኮች ይሠራል። ብርሃኑ የሚፈልገው የጠጕሩን ጥቁረት ነው፤ ቆዳችንም ጥቁር ስለሆነ ትክክለኛው መሣሪያ ካልተመረጠ ቆዳውን ጠጕር መስሎት ያቃጥለዋል። ስለዚህ የምትሄድ ሴት «ለጥቁር ቆዳ የሚስማማው ኤንዲ ያግ የተባለው ዓይነት ነው ወይ?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። አንድ ጊዜ ብቻም አይበቃም፤ በየጥቂቱ ሳምንት ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፤ የሆርሞኑ መዛባት ካልታከመም ጠጕሩ ይመለሳል። ሆርሞኑን የሚያስተካክሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን በፊት ላይ ለውጥ ለማየት ስድስት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹም ለነፍሰ ጡር ስለማይፈቀዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ያ ስም የለሽ ቅባት ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የመሳሰሉት ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ለተወሰኑ የቆዳ በሽታዎች ለአጭር ጊዜ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ያፈካሉ ተብለው ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፥ ያቀላሉ፥ ብጉር ያወጣሉ፤ ከሁሉም የሚያስገርመው ደግሞ ራሳቸው በፊት ላይ ጠጕር ያበቅላሉ። ሲኳሉ ዓይን ማጥፋት እንዲሉ፥ ሴትዮዋ ለማማር የቀባችው ጢም አብቅሎባት ያርፈዋል።

ኀፍረት ሴቶችን ወዴት እንደሚነዳ ለማወቅ የሌላውን አገር ታሪክም መመልከት ይጠቅማል። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ትራይኮ የሚባል የኤክስሬይ መሣሪያ በውበት ቤቶች ተተክሎ ነበር። ሥቃይ የለውም፥ ማንም አያይሽም ተብሎ ሲነገር ሴቶች በብዛት ገቡበት፤ ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ፊታቸው ተቃጥሎ ቆሰለ፥ ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ። በ1930 ደግሞ ኮሬምሉ የሚባል ጠጕር አስወጋጅ ቅባት ገበያ ላይ ዋለ፤ በውስጡ የነበረው ለአይጥ መርዝነት የሚያገለግለው ታሊየም ነው። የተቀቡት ሴቶች የራስ ጠጕራቸው ረገፈ፥ እግራቸው ሰነፈ፥ የዓይናቸው ብርሃን የደከመባቸውም ነበሩ። ኩባንያው በ1932 ከሰረ። የአሜሪካ መንግሥት የውበት ቅባቶችን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣው በ1938 ሲሆን ለሕጉ መውጣት ምክንያት ከሆኑት አደጋዎች አንዱ ይኸው ነበር። እነዚያ ሴቶች ሞኞች አልነበሩም፤ በግልጽ የሚጠይቁት ሰው ስላጡ በስውር የቀረበላቸውን ተቀበሉ እንጂ።

በኛም አገር ሕጉ አለ። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብንና መድኃኒትን ብቻ ሳይሆን የውበት መጠበቂያዎችንም ጭምር በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓቸዋል። ገላፊም የአገሪቱ ዋና የዕቃ በር ናት። ሕግና በር ካለን፥ በአዟሪ ከረጢት ውስጥ የሚገባውን ስም የለሽ ቱቦ መርምሮ መያዝ ጥቅሙ ለመንግሥት ገቢ ሳይሆን ለሴቶች ፊት መሆኑን ተቆጣጣሪዎቻችን ቢያስቡት መልካም ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ እንደሚነሣብኝ እገምታለሁ። የመጀመሪያው «ይህ የቅንጦት ነገር ነው፤ ሕዝብ በወባና በድርቅ ሲቸገር ስለ ከንፈር ጠጕር ይወራል?» የሚለው ነው። ለእርሱ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገረው። ኤፍሎርኒቲን የሚባል መድኃኒት በአፍሪካ የፄፄ ዝንብ የሚያመጣውን የእንቅልፍ በሽታ እንዲያድን በ1990 ተፈቅዶ ነበር፤ ታማሚዎቹ ድኾች ስለሆኑ ትርፍ አላመጣምና በ1995 ማምረቱ ቆመ። በ2000 ግን ያው መድኃኒት የሴቶችን የፊት ጠጕር ዕድገት የሚያዘገይ ቅባት ሆኖ በአሜሪካ ተፈቀደ። ለውበት የሚሠራ ከሆነ ለሕይወት ለምን አይሠራም ብለው ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የዓለም የጤና ድርጅት ጮኹ፤ በ2001ም አቬንቲስ የተባለው ኩባንያ መድኃኒቱን ለሕሙማኑ በነፃ ለመስጠት ተስማማ። ትንሽ የሚመስል ነገር ትልቁን ነገር ከተቀበረበት ሊያስነሣው ይችላል። የገላፊዋም ሴት ጠጕር ቅንጦት አይደለም፤ ከበስተጀርባው የወር አበባዋ፥ ልጅ የማግኘት ተስፋዋና ትዳሯ ቆመዋል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «ፈጣሪ ያበቀለውን መንቀል ኀጢአት ነው» የሚለው ነው። ሃይማኖት ማስተማር የኔ ድርሻ አይደለም። ይሁን እንጂ በአፋር ምድር ይህ ጥያቄ ስለሚነሣ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት የኖሩት ታላቁ የእስልምና ሊቅ ኢማም አን-ነወዊ ሴት ጢም ወይም ሪዝ ብታበቅል ማስወገዷ የተወገዘ ሳይሆን የተወደደ ነው ብለው መጻፋቸውን መጥቀስ አይከፋም። የተለየ አስተያየት የነበራቸው ሊቃውንትም አሉ፤ ጥያቄው ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ዐዋቂዎች ሳያፍሩ በግልጽ የመከሩበት መሆኑን እናያለን። እነርሱ በመጽሐፍ ላይ የጻፉትን እኛ በሹክሹክታ የምናወራው ለምን ይሆን?

ሴት ሁሉ ፊቷን ትንቀል ማለቴም አይደለም። ጠጕሯ የማያስጨንቃት ሴት እንዳለች ብትተወው ማንም የሚያገባው ነገር የለም። ነገሩ የራሷ ፊት፥ የራሷ ምርጫ ነው። የምለው፥ የምታስወግደው ሳትፈራ፥ የምትተወውም ሳትሸማቀቅ ትሁን ነው።

እንግዲህ ጥቂት ምክር ልሰንዝርና ልጨርስ። እናቶች ሆይ፥ ሴት ልጃችሁ ለአካለ መጠን ስትደርስ ስለ ወር አበባ በምትነግሯት ሰዓት ስለዚህም አንድ ቃል ጨምሩ። ባሎች ሆይ፥ ሚስታችሁ ጎህ ሳይቀድ የምትነሣበትን ምክንያት ብታውቁ አትሳቁ፤ «ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ» የምትል ቃል ከማንኛውም ቅባት ትበልጣለች። የጤና ባለሙያዎች፥ በተለይም ከ2003 ወዲህ በየቀበሌው የተሰማራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን፥ የወር አበባዋ የተዛባባትን ሴት ስታገኙ ነጠላዋን እስክታወርድ አትጠብቁ፤ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መሣሪያም ላቦራቶሪም አያስፈልግም።

ከገላፊ በተነሣሁበት ጧት ለዚያች ሴት ወረንጦዬን ሰጠኋት። በቁራጭ ወረቀትም ላይ ከሰመራ አጠገብ ያለውን የዱብቲን ሆስፒታል ስም፥ ከሥሩም ለሐኪሙ የምትነግረውን ሦስት ነገር ጻፍሁላት፤ የወር አበባዋን፥ ጠጕሩን፥ ቅባቱን። ወረቀቱን አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው። ከዚያም «ሐኪሙ ወንድ ቢሆንስ?» አለችኝ። «ሴት አዋላጅ ጥሪልኝ በይ፤ ወንድም ቢሆን ተምሮበታል» አልኋት። ነጠላዋን መልሳ ወደ አፏ ከፍ አደረገችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

ሄዳ እንደሆነ ወይም ሳትሄድ እንደ ቀረች ለማወቅ ገና ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር አይጠፋም። እስከዚያው ድረስ ይህን ጽሑፍ እንደ ዳጉ ቈጥራችሁ ለምታገኟት ሴት ሁሉ እንድታሳልፉልኝ እለምናለሁ።